ቢጫው ገበር

ብራስልስ ውስጥ ማሮል በሚባለው የድሮ ሰፈር፣ ዡ ደ ባል አደባባይ ላይ፣ ጠዋት ጠዋት የአሮጌ ዕቃ ገበያ ይቆማል። ከእ.ኤ.አ. 1873 ጀምሮ ቦታው አልተለወጠም። ሻጮቹ በኮብልስቶኑ ላይ ሸራ ይዘረጉና የአንድ ሟች ቤት ሙሉ ዕቃ ያፈሱበታል፦ ጆሮው የተሸረፈ ሲኒ፣ ክሩ ያለቀ ምንጣፍ፣ ስማቸው የተረሳ ሙሽሮች ፎቶግራፍ። እኔን ወደዚያ የሚወስደኝ ከሁሉም በታች የሚቀመጠው ሣጥን ነው፤ የዛጉ ቁልፎች፣ ጥርሱ የረገፈ መጋዝ፣ ማን እንደሠራበት የማይታወቅ መፍቻ የሚጠራቀምበት። መሳያ ድንጋይ ሲገኝ እዚያ ውስጥ ነው የሚገኘው።

ባለፈው ኅዳር፣ ብርዱ ጣት በሚያደነዝዝበት አንድ ጠዋት፣ ከእንዲህ ያለ ሣጥን ውስጥ ሁለት ታጣፊ ምላጮች አገኘሁ። ስለታቸው እጀታቸው ውስጥ የሚታጠፈው፣ ፀጉር አስተካካዮች ድሮ ጺም ይላጩባቸው የነበሩት ዓይነት። ከሥራቸው ደግሞ ጥላሸትና ቅባት የጠገበ ጥቁር ጡብ የመሰለ ነገር ነበር፤ ርዝመቱ ከመዳፌ ጥቂት ያልፋል፣ ስፋቱ ሦስት ጣት ቢሆን ነው። አውራ ጣቴን ምራቅ አስነካሁና ጎኑን ፈተግ አደረግሁት። ጥቁሩ ሲለቅ ከላይ የለጋ ቅቤ መልክ ያለው ስስ ድርብ ብቅ አለ፤ ከሥሩ የበሰለ ወይን የመሰለ ሐምራዊ። በሁለቱ መካከል የሙጫ መስመር የለም። ሲፈጠሩ ጀምሮ አብረው ናቸው።

«ይሄስ ምንድን ነው?» ብዬ ሻጩን ጠየቅሁት።

«የጣሪያ ድንጋይ ስባሪ ይመስለኛል። ምላጮቹን ከወሰዱ ይጨመርልዎታል» አለኝ።

የፀጉር አስተካካይ መሳያ እንደሆነ፣ ከቤልጅየም የአርደን ተራሮች እንደወጣ፣ ከሁለቱ ምላጮች ይልቅ ሰው የሚፈልገው እሱን እንደሆነ ነገርኩት። ዝም ብዬ መግዛት እችል ነበር፤ ብዙዎች እንደዚያ ያደርጋሉ። ግን ድንጋዩ ቤቴ ገብቶ ባየሁት ቁጥር ያን ዝምታዬን እያስታወሰኝ እንዲኖር አልፈለግሁም። ሰውዬው አገላብጦ አየው፣ ዋጋው ላይ ጥቂት ዩሮ ጨመረ፣ በጋዜጣ ጠቅልሎ ሰጠኝ። ሁለታችንም ደስ ብሎን ተለያየን።

*

ይህን ድንጋይ የአገሩ ሰዎች ኮቲኩል ይሉታል። ስሙ ከላቲን የመጣ ሲሆን ትንሽ መሳያ ድንጋይ ማለት ነው። የሚገኘው በምሥራቅ ቤልጅየም፣ በሳልም ወንዝ ዙሪያ ባሉ ጥቂት መንደሮች ሥር ነው፦ ቪየልሳልም፣ ሳልምሻቶ፣ ሊየርኖ፣ ኦትሬ። ጠንካራ እግር ያለው ሰው በአንድ ቀን ተጉዞ ሊያዳርሳቸው ይችላል። የዓለም ፀጉር አስተካካዮች ለብዙ ትውልድ ምላጫቸውን የሳሉበት ቢጫ ድንጋይ ከዚያች ጠባብ ምድር የወጣ ነው።

ከ480 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ቦታው ባሕር ነበር። በባሕሩ ወለል ላይ ሸክላ አፈር ድርብ በድርብ ሲከማች፣ በየመሃሉ ማንጋኒዝ የበዛበት ሌላ ዓይነት ደቃቅ ነገር ስስ ሆኖ ተነጠፈ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ማብራሪያ የእሳተ ገሞራ አመድ ነው የሚል ነው፤ የሥነ ምድር ሊቃውንት ግን ክርክሩን አልዘጉትም። ኋላ ምድሪቱ ታጠፈች፣ ተጨመቀች፣ ጋለች። ሸክላው በስሱ እየተሰነጠቀ ለቤት ክዳን የሚሆን ሐምራዊ ድንጋይ ሆነ። ማንጋኒዝ የነበረበት ስስ ንጣፍ ግን በሆዱ ጋርኔት አበቀለ። ጋርኔትን ለጌጥ የሚሆን ቀይ ፈርጥ አድርገው የሚያውቁት ብዙዎች ናቸው። የኮቲኩሉ ስፔሳርቲን የሚባለው ዓይነት ሲሆን በዓይን አይታይም። የሰው ፀጉር ውፍረቱ 70 ማይክሮን አካባቢ ነው፤ የኮቲኩል ጋርኔት ጥቂት ማይክሮን ብቻ ነው። ሚካ በሚባል ለስላሳ ማዕድን ውስጥ፣ ሊጥ ውስጥ እንደገባ ሰሊጥ፣ ተበትኖ ይኖራል።

ጋርኔት ከምላጭ ብረት ስለሚጠነክር ብረቱን ይበላል። ቅርጹ ግን ብዙ ገጽ ያለው፣ ወደ ድቡልቡልነት ያደላ ነው፤ እንደ ጠርሙስ ስባሪ የሾለ ጫፍ ስለሌለው ሲበላ ጥልቅ ጭረት አይተውም። ከዚህ አንድ ባሕርይ ነው የድንጋዩ ዝና ሁሉ የወጣው። ሐምራዊው ድንጋይም ጋርኔት አለው፤ ቁጥሩ ግን ያንሳል፣ መልኩንም የሰጠው ሄማታይት የሚባለው የብረት ማዕድን ነው። ስለዚህ ቀርፋፋ ነው። አንዳንዴ ለቢጫው እንደ ገበር ሆኖ ይደግፈዋል። እኔ ግን ነገሩን ገልብጬ ማሰብ ይቀናኛል፦ ተራራው በሙሉ ሐምራዊ ነው፣ ቢጫው ነው ገበሩ።

ድንጋዩ ላይ ውሃ ጠብ አድርገው በትንሽ የኮቲኩል ቁራጭ ሲፈትጉት ወተት የመሰለ ድፍርስ ይወጣል። ድፍርሱ ከአልጋቸው የተላቀቁ ጋርኔቶች የሚንሳፈፉበት ነው። ወፈር ሲል ድንጋዩ ፈጣን ይሆናል፤ የደነዘዘ ምላጭ ያነቃል። ውሃ በጠብታ እየጨመሩ ሲያቀጥኑት ይለዝባል፤ ታጥቦ ንጹሕ ውሃ ብቻ ሲቀር የመጨረሻውን ልስላሴ ይሰጣል። ሰው ሠራሽ መሳያ የሚሸጠው በቁጥር ነው፤ ሻካራው 1000፣ ልሙ 8000 ተብሎ ይለያል፣ ገዢውም ሦስት አራት መግዛት አለበት። ኮቲኩል ቁጥር የለውም። በአንድ ገጹ ላይ ሻካራውም ልሙም አለ፤ የሚለያቸው የውሃው መጠንና የሰውዬው እጅ ነው። ድንጋዩን የምወድበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው፤ የሚስለውን ሰው ሥራ አይሠራለትም።

*

ምላጭ መሳል ቢላ ከመሳል በአንድ ትልቅ ነገር ይለያል። ቢላ የሚስል ሰው ማዕዘኑን በእጁ ይይዛል። ታጣፊ ምላጭ ግን ጀርባው ወፍራም ሆኖ ስለሚሠራ ጀርባውም ስለቱም ድንጋዩ ላይ ተጋድመው እኩል ይሄዳሉ፤ ማዕዘኑን አንጥረኛው ገና ሲሠራው ወስኖታል። ለሚስለው የቀረው ሁለት ነገር ነው፦ ክብደትና ትዕግሥት። ድንጋዩ ደግሞ ፍጹም ጠፍጣፋ መሆን አለበት። መሃሉ ከጎደጎደ የስለቱ ጫፍና ተረከዙ ብቻ ይበላሉ፣ ሆዱ ድንጋዩን ሳይነካ ያልፋል።

መጀመሪያ የተማርኩት በመሳሳት ነው። እጄ ይከብድ ነበር። ብረት በጉልበት የሚሳል ይመስለኝ ነበርና፣ የተጫነው ስለት እየታጠፈ ጫፉ እንደ ፎይል ይንከባለልብኛል። አንድ ዓመት ሊሞላ ምን ያህል እንደቀረው እንጃ፣ ፊቴ ሲቃጠል ከረመ። ከዚያ አንድ ምሽት፣ ውሃው ንጹሕ በሆነበት ሰዓት፣ ምላጩ ድንጋዩ ላይ ልጥፍ አለ። አልተጫንኩትም፤ ራሱ ተሳበ። ሁለት እርጥብ መስታወቶች ሲነካኩ እንደሚጣበቁት ማለት ነው። ገጽና ገጽ ክፍተት ሳይተዉ ሲገናኙ የሚሆን ነገር ነው። ድምፁም ተለወጠ፤ ከሲርርታ ወደ ሹክሹክታ ወረደ። ምላጩን አጥቤ፣ ጠፍር ላይ ሃምሳ ጊዜ ያህል አመላልሼ፣ ከራሴ አንድ ፀጉር ነቅዬ ስለቱ ላይ አስነካሁት። ፀጉሩ ምንም ሳይታጠፍ ለሁለት ተከፈለ።

አማርኛ ቢላ የሚስለውንም ሥዕል የሚስለውንም አንድ ዓይነት ድምፅ ባለው ግስ ይጠራቸዋል። የሁለቱ ቃላት መነሻ ቢለያይም ጆሮ አይለያቸውም፤ ያን ምሽት ደግሞ እጄም አልለያቸውም። ከዚያ ወዲህ ምላጭ ስይዝ ትከሻዬን የማላላው ቡሩሽ እንደያዘ ሰው ነው።

አያቴ መንዝ ውስጥ የፋሲካ ዋዜማ ካራቸውን የሚስሉበት ድንጋይ ነበራቸው። ጥቁር፣ መሃሉ እንደ ገበቴ የጎደጎደ። ውሃ በአፋቸው ጉንጭ ያደርጉና እፍ ይሉበታል፤ እኛ ልጆች ዙሪያውን ተቀምጠን ሲር ሲር ሲል እንሰማለን። ስለቱን የሚሞክሩት በአውራ ጣት ጥፍራቸው ላይ ነው፤ ከተንሸራተተ ይመልሱታል፣ ከነከሰ ይበቃል። ድንጋይ መሰብሰብ ከጀመርኩ በኋላ አንድ እሑድ አባቴ ጋ ደወልኩ።

«አባዬ፣ የአያቴ የካራ መሳያ ድንጋይ ከየት የመጣ ነበር?»

«ከወንዙ ነዋ! አባታቸው ናቸው ያወጡት። ክረምቱ አልፎ ወንዙ ሲጎድል ወርደው፣ አንዱን አንስተው እየነከሩ፣ በካራ ጫፍ እየጫሩ፣ ሌላውን እየጣሉ… ቀኑን ሙሉ ፈጅተው መረጡት ይባላል።»

«አሁን የት አለ?»

«እሱማ የጎተራው በር ሥር ደረጃ ሆኗል። ምነው ጠየቅኸኝ?»

ምን ብዬ እንደመለስኩለት አላስታውስም። በልቤ የቀረው የአያቴ አባት ወንዙ ላይ የዋሉበት ቀን ነው። የመንዝ ተራራ ጥቁር ድንጋይ የእሳተ ገሞራ ነው፤ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት ፈስሶ የረጋ። ቅድመ አያቴ የዕድሜውን ቁጥር ሳያውቁ፣ ከሺሕ ድንጋይ መካከል የትኛው ብረት እንደሚነክስ የሚለዩበት ዘዴ ነበራቸው። በውሃ መንከር፣ መጫር፣ መጣል። እኔም አደባባዩ ላይ የማደርገው ይህንኑ ነው።

የምራቁም ነገር የቆየ ነው። በ79 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) የሞተው ሮማዊው ፕሊኒ ስለ ተፈጥሮ በጻፈው ሰፊ መጽሐፍ፣ በ36ኛው ክፍል፣ መሳያ ድንጋዮችን በሚጠጡት ነገር ይለያቸዋል፦ ዘይት የሚፈልጉ፣ ውሃ የሚፈልጉ፣ ደግሞም ፀጉር አስተካካዮች በምራቅ የሚስሉባቸው። እነዚህን የመጨረሻዎቹን ለስላሳና ተሰባሪ ናቸው ብሎ አይወዳቸውም። የሱ ዘመን ደንበኛ ምላጩ በምን እንደረጠበ እያወቀ ፊቱን ይሰጥ እንደነበር ሳስብ፣ ድንጋይና ፀጉር አስተካካይ ከተዋወቁ ስንት ዘመን እንደሆናቸው ይገባኛል።

*

ከሊየዥ ወደ ሉክሰምበርግ የሚወርደው ባቡር ሸለቆ ለሸለቆ እየተጠማዘዘ ቪየልሳልም ላይ ይቆማል። የጥድ ደኑ ከባቡር መስኮት ሲያዩት ገና ከጥንት የነበረ ይመስላል። ወርዶ በእግር ሲገባበት ግን ዳገት የመሰለው ሁሉ ዳገት እንዳልሆነ ይታያል። ብዙው የቁፋሮ ትራፊ ነው፤ ሠራተኞች እየጣሉት የተከመረ ሐምራዊ ስባሪ፣ ላዩ የሣር ሽፋን የለበሰ። ጎንበስ ብዬ አንዱን አነሳሁ። የእጅ ልምድ ሆኖብኝ ጎኑን በምራቅ ፈተግሁት። ሐምራዊ ብቻ። መልሼ አስቀመጥኩት።

ቢጫው ድርብ ውፍረቱ ከጥቂት ሚሊሜትር እስከ ጥቂት ሴንቲሜትር ነው። በተራራው ውስጥ ብዙ ድርቦች ስላሉ ቆፋሪዎቹ ለየአንዳንዱ ስም አውጥተዋል። ላ ቬኔት ትንሿ ሥር ማለት ነው። ላ ግሮስ ብላንሽ ወፍራሟ ነጭ፤ ላ ፕቲት ብላንሽ ትንሿ ነጭ። ላ ድሬሳንት የቆመችው እንደ ማለት ነው። ስሞቹን ስሰማ የከብት ስም መሰሉኝ፤ በየቀኑ የሚያገኟትን፣ ጠባይዋን የሚያውቁላትን ላም በመልኳ እንደሚጠሩ ሰዎች። እውነትም ጠባያቸው ይለያያል። ከአንዷ ድርብ የወጣ ድንጋይ ብረት ሲበላ ይፈጥናል፣ የሌላዋ ቀስ ብሎ ያለሰልሳል። ይህም ቢሆን እርግጠኛ ሕግ አይደለም። ከአንድ ጉድጓድ፣ ከአንድ ድርብ የወጡ ሁለት ጎረቤታሞች እንኳ እጅ ላይ ሲይዟቸው እኩል አይናገሩም።

ድንጋዩን በማጉያ መሣሪያ አይቶ ለሊቃውንት ዓለም በዝርዝር ያስተዋወቀው ቤልጅየማዊው አልፎንስ ሬናር ነው፤ በ1870ዎቹ። ይኸው ሰው ኋላ ቻሌንጀር የተባለችው የእንግሊዝ የምርምር መርከብ ከውቅያኖስ ወለል ያመጣችውን ጭቃ ከጆን መሪ ጋር አጥንቶ በ1891 መጽሐፍ አሳትሟል። መጀመሪያ የጥንት ባሕር ደለል የነበረውን ድንጋይ አጠና፣ ቀጥሎ ገና ድንጋይ ያልሆነውን የዛሬ ባሕር ደለል። ኮቲኩል የሚለው ቃልም ከሳልም ሸለቆ ወጥቶ፣ በሌላ አገር ለሚገኝ ተመሳሳይ ጋርኔት የሞላበት ድንጋይ ሁሉ የሥነ ምድር መጠሪያ ሆነ።

ሳልምሻቶ ውስጥ የኮቲኩል ቤተ መዘክር አለ። መቁረጫውንና ማለስለሻውን ማሽን ሳይ ያሰብኩት ስለ ብክነቱ ነው። ከተራራው የሚወጣው ድንጋይ አብዛኛው ስንጥቅ፣ ጥቁር የማንጋኒዝ ክር ወይም ሌላ ምላጭ የሚጭር ነገር አለበት። ጉድለት የሌለበት፣ ለምላጭ የሚበቃ ርዝመትና ስፋት ያለው ቁራጭ እጅግ ጥቂት ነው። ድርቡ ሲሳሳ ሌላ የጣሪያ ድንጋይ በሙጫ ይደረብለታል። እንደኔው ድንጋይ ሐምራዊው በተፈጥሮ አብሮት ሲወጣ ሰብሳቢ ሁሉ ይፈልገዋል። በመጋጠሚያው ላይ ማንጋኒዙ አንዳንዴ የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ ጥቁር ሥዕል ይስላል። ለመሳል ምንም አይጠቅምም። ግን ያን የመሰለ ድንጋይ ያገኘ ሰው ለወዳጁ ሁሉ ሳያሳይ አያድርም።

የኮቲኩልን ሥራ የገደሉት ሁለት አሜሪካውያን ናቸው ቢባል ከእውነት አይርቅም። ኤድዋርድ አቺሰን በ1890ዎቹ መጀመሪያ ካርቦራንደም የተባለውን ሰው ሠራሽ መሳያ በኤሌክትሪክ ምድጃ ፈጠረ። ኪንግ ጂሌት ደግሞ በ1904 ተለዋዋጭ ምላጭ ለሚገባበት መላጫ የባለቤትነት መብት አገኘ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን ያህል የጂሌት መላጫ ገዛ። ወጣቶቹ ከጦር ሜዳ ሲመለሱ በየቤታቸው ራሳቸውን መላጨት ለምደው ነበር፤ የማይሳል፣ ሲደነዝዝ የሚጣል ምላጭ። ዛሬ አዲስ አበባ ሱቅ ሄዶ ምላጭ ስጠኝ የሚል ሰው የሚሰጠው ያ ስስ ነገር የዚያ ዘር ነው። የአርደን ጉድጓዶች እየተዘጉ ሄደው እስከ 1980 ገደማ ሁሉም ጸጥ አሉ። በ1998 አንድ ቁፋሮ እንደገና ተከፈተ፤ አዲስ ኮቲኩልም ወደ ገበያ ተመለሰ። እኔ በዚህ ከልቤ ደስ ይለኛል። የአሮጌውን ዋጋ ያወርድብናል ብለው ያዘኑ ሰብሳቢዎች አጋጥመውኛል፤ ሐዘናቸውን መካፈል አልቻልኩም።

*

ኮቲኩልን የያዘ ሰው እዚያ ላይ አይቆምም። ሌሎቹ ድንጋዮችም እንዲሁ የየአገራቸው ስም አላቸው።

በጀርመን ቱሪንገን፣ ሽታይናክና ዞንበርግ አካባቢ፣ ፀጉር አስተካካዮች የመጨረሻውን ልስላሴ የሚያወጡበት የውሃ ድንጋይ ይቆፈር ነበር። ሽታይናክ ለተማሪ ቤት ሰሌዳ የድንጋይ እርሳስ የሚሠራባት ከተማ ነበረች፤ ዞንበርግ በአሻንጉሊት ትታወቃለች። ኤሸር የተባለው ድርጅት ድንጋዩን በመልኩ ይለየውና ጎኑ ላይ ወረቀት ይለጥፍበት ነበር፦ ጥቁር ሰማያዊ፣ ፈካ ያለ አረንጓዴ፣ ቢጫ አረንጓዴ። ዛሬ ያ ወረቀት ከድንጋዩ እኩል ይፈለጋል። በእንግሊዝ ሌስተርሻየር ከቻርንውድ ደን የወጣው ቻርንሊ ፎረስት ደግሞ የወይራ መልክ ያለው፣ አንዳንዴ ቀይ ክር የተሰመረበት፣ ትዕግሥት የሚፈትን ቀርፋፋ ድንጋይ ነው። በዚያው ደን አለት ላይ በ1957 አንድ ተማሪ ቻርኒያ የተባለውን የጥንት ሕያው አሻራ አግኝቶ፣ ውስብስብ ሕይወት ከታሰበው በላይ የቆየ መሆኑን ዓለም እንዲቀበል አድርጓል። የአርካንሳሱ ድንጋይ ስሙ ራሱ ምላጭ ነው፤ ኖቫኩላይት የተባለው ላቲኖች ምላጭን ኖቫኩላ ስለሚሉ ነው።

ጃፓን ግን ሌላ ምዕራፍ ነው። በኪዮቶ ዙሪያ ካሉ ኮረብቶች፣ ናካያማንና ኦዙኩን ከመሳሰሉ ጉድጓዶች፣ ለሰይፍና ለአናጢ መሣሪያ የሚሆን እጅግ ልም ድንጋይ ለዘመናት ወጥቷል። ይህም ከ200 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነው የጥልቅ ባሕር ደለል ነው። በ1871 የሜጂ መንግሥት ሳሙራዮች የራስ ቁንጮአቸውን ቆርጠው እንዲተዉ ሲፈቅድ፣ የአውሮፓ ፀጉር አቆራረጥ አገሩን አዳረሰ፤ የአውሮፓ ምላጭም አብሮት ገባ። ለሰይፍ የነበረው ድንጋይ ለጺም ሆነ። ጃፓናውያን በዚያ ላይ የራሳቸውን ጥንቃቄ ጨመሩበት። ናጉራ የሚባሉ ለስላሳ ነጭ ትናንሽ ድንጋዮችን በዋናው ድንጋይ ላይ እየፈተጉ ድፍርስ ያወጣሉ፤ ከሻካራው ወደ ልሙ በተራ፦ ቦታን፣ ተንጆ፣ መጂሮ፣ ኮማ። በኮቲኩል ውሃ የሚሠራውን እዚያ አራት ትናንሽ ድንጋዮች ይሠሩታል። የኔ ጃፓናዊ ድንጋይ አንድ ብቻ ነው፤ ከመሬት ወጥቶ ገና ያልተስተካከለ ጎን አለው፣ ባዶ እጅ ላይ እንደ ተቀቀለ እንቁላል ይለዝባል። በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ አወጣዋለሁ። ስስል ምንም ድምፅ የለውም።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ተታልያለሁም። ወረቀቱ እንዳለ የተባለ የቱሪንገን ድንጋይ በፖስታ አስመጣሁ። ወረቀቱ በእርግጥ ነበረ። ግን ድንጋዩ ላይ የተለጠፈው በቅርቡ ነው፤ ድንጋዩም ከየትኛውም የጣሪያ ክምር ሊነሳ የሚችል ነበር። ሦስት ምሽት ሳልሁበት፤ ምላጩ እየደነዘዘ ሄደ። ለሻጩ ጻፍኩለት፤ መልስ የለም። የከፈልኩት ብዙ ነበር፤ ከሱ ይልቅ ያሳዘነኝ ግን ሦስት ምሽት ሙሉ ራሴን ማሳመኔ ነው። እጄ በመጀመሪያው ደቂቃ ነግሮኝ ነበር፤ እኔ ግን ወረቀቱን አመንኩ። ከዚያ ወዲህ ሥዕል ብቻ አይቼ ድንጋይ አልገዛም። በውሃ ሳይነክሩት፣ ብረት ሳያስነኩት የሚታወቅ መሳያ የለም።

አንዳንዱ ሰብሳቢ ድንጋዩን በሣጥኑ፣ በወረቀቱ፣ ሳይነካ ያስቀምጣል። ቤታቸው ገብቼ በመስታወት ውስጥ ተደርድረው አይቻለሁ፤ ያምራሉ፣ ያስቀናሉም። ግን ያን ድርድር ሳይ የማስበው እየጠፋ ያለው የትኛው እንደሆነ ነው። ድንጋዩ እንደሆነ አይጠፋም፤ ከባሕር ወለል ተነሥቶ እዚህ የደረሰ ነው። እየጠፋ ያለው ድፍርሱ መቼ መቅጠን እንዳለበት የሚያውቀው እጅ ነው። ፀጉር አስተካካዮቹ አልጻፉትም፤ ለምን ይጽፉታል? አጠገባቸው የሚጠርግ ልጅ ነበረ፣ እያየ ይማራል። ያ ልጅ አድጎ ሱቅ ሲከፍት ተለዋዋጭ ምላጭ ገዛ።

*

የገበያውን ድንጋይ ቤት እንዳስገባሁ በሳሙናና በጥርስ ቡሩሽ አጠብሁት። ቅባቱ ለመልቀቅ ሁለት ቀን ፈጀ። ከጥላሸቱ ሥር የወጣው ቢጫ ንጹሕ ነው፤ በአንድ ዳር የማንጋኒዝ ቅርንጫፍ አለበት። ከዚያ ብረት ማስመሪያ በጎኑ አቁሜ መብራት ላይ አየሁት። በማስመሪያውና በድንጋዩ መካከል ብርሃን ገባ። መሃሉ ጎድጉዷል፤ በዓይን የማይታይ፣ ለምላጭ ግን ብዙ።

ያ ጉድጓድ የሰው ሥራ ነው። አንድ ፀጉር አስተካካይ፣ ማን እንደሆነ የማይታወቅ፣ ብራስልስ ውስጥ ወይም ሌላ ቦታ፣ ሱቁን ከመክፈቱ በፊት ጠዋት ጠዋት እዚህ ላይ እጁን አመላልሷል። በየቀኑ ጥቂት ማይክሮን። ወደ ቀኝ ትንሽ ይበልጣል፤ ቀኝ እጁ ሳይከብደው አልቀረም፣ እንደኔው። የአያቴን ድንጋይ አስታወስኩ፤ መሃሉ እንደ ገበቴ የጎደጎደውን። ያን የጎደጎዱት አያቴና አባታቸው ናቸው፤ አሁን የጎተራ ደረጃ ሆኖ እግር ይጨርሰዋል።

ይህን ድንጋይ ለመጠቀም ጠፍጣፋ ማድረግ አለብኝ። ጠፍጣፋ ለማድረግ ደግሞ ዙሪያው ሁሉ እስከ ጉድጓዱ ጥልቀት መውረድ አለበት። ቢጫው ድርብ የቀረው አራት ሚሊሜትር ያህል ነው። የማወርደው ሁሉ ተመልሶ አይመጣም፤ የሰውዬውም አሻራ አብሮ ይሄዳል። ሦስት ሳምንት መደርደሪያ ላይ አስቀምጬው ሳልፍ ሳገድም አየሁት። እንዲሁ ቢቀመጥስ አልኩ። ከዚያ ሰውዬው ራሱ በየጊዜው ያስተካክለው እንደነበር አሰብኩ፤ ያለዚያ በዚያ ሁሉ ዓመት ጉድጓዱ ይህን ብቻ አያክልም ነበር። የመጨረሻውን ጊዜ ብቻ ነው ሳያስተካክለው የሄደው።

ቅዳሜ ማታ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ወፍራም መስታወት አጋደምሁ፤ ላዩ ላይ የብርጭቆ ወረቀት በውሃ ለጠፍሁበት። የድንጋዩን ገጽ በእርሳስ መረብ አሰመርኩት፤ መስመሩ የጠፋበት ቦታ ወርዷል፣ መስመሩ የቀረበት ገና ነው። ገልብጬ፣ ሳልጫን፣ በክብ አሸሁት። ወተቱ ወዲያው ወጣ። የወጣውን በትንሽ ብልቃጥ አጠራቀምሁ፤ የዚያን ያህል ጋርኔት ወደ መታጠቢያ ማፍሰስ አልሆነልኝም። አነሳሁ፣ አየሁ፤ ዳር ዳሩ ጠፍቷል። እንደገና አሸሁ። መስመሮቹ ከአራቱም ማዕዘን ወደ ውስጥ እየተሸበሸቡ ሄዱ፤ መጀመሪያ የመዳፍ ያህል፣ ከዚያ የሁለት ጣት፣ ከዚያ የአንድ ሳንቲም ያህል ብቻ፣ ከመሃል ወደ ቀኝ ዝቅ ብሎ። ውሃ ጨመርሁና ሦስት ጊዜ በቀስታ አዞርሁት። ሳነሳው እርሳሱ የለም።

ከሁለቱ ምላጮች እጀታው ደህና የሆነውን አጥቤ አደረቅሁ፣ ድንጋዩን ውሃ አስነካሁ፣ ጀርባውንና ስለቱን አጋደምሁት።